ጥምር መንግሥት ውስጥ የገባ ፓርቲ ለምን ደጋፊ ያጣል?

በዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የተላኩት ከአራት ከተማ ነው፣ ጸሐፊዎቹም አይተዋወቁም፤ ግን ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለንደን መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በ2010 ነው፤ ለሊበራል ዴሞክራቶች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር፣ እነሱም ክፍያ አይጨመርም ብለው ነበር። ከዚያ ከኮንሰርቫቲቮች ጋር ተጣምረው መንግሥት ሲሆኑ ክፍያው በሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። በ2015 አልመረጥኳቸውም። እስከ ዛሬ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ክፍያው እንዲጨምር የፈለገው በዋናነት ትልቁ ፓርቲ ነበር፤ የተቀጣው ትንሹ ሆነ። ከቀጪዎቹ አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ይሆን? (አንባቢ፣ ከለንደን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመቆጣትዎ አልተሳሳቱም። ግን ቅጣቱ የት እንዳረፈ አብረን እንየው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው።

በ2010 ፓርቲው 6.8 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ፣ 23 በመቶ መሆኑ ነው፣ እና 57 መቀመጫ አገኘ። በ2015 ድምፁ 2.4 ሚሊዮን ሆነ። መቀመጫው 8። ኒክ ክሌግ በማግሥቱ የፓርቲ መሪነቱን ለቀቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ውድቀት በእንግሊዝ ፖለቲካ ብዙ አይታይም።

የክፍያውን ታሪክ እርስዎ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልድገመው። ከምርጫው በፊት የፓርቲው እጩዎች የክፍያ ጭማሪን በሙሉ በፓርላማ እንቃወማለን የሚል ቃል ፈረሙ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው ፎቶ ተነሡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 2010 ፓርላማው የዓመቱ ክፍያ ከ3,290 ፓውንድ እስከ 9,000 እንዲያድግ 323 ለ302 ወሰነ። ከ57ቱ ሊበራል ዴሞክራቶች 21ዱ ተቃወሙ። ክሌግና ሚኒስትሮቹ ግን ደገፉ። ሐሳቡን ለምክር ቤት ያቀረበውም የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ በእጁ የነበረው የራሳቸው ሰው፣ ቪንስ ኬብል ነው። የሚያሳዝነኝ የቱ መሰለዎት? ሁለቱ ፓርቲዎች ሲጣመሩ የጻፉት ስምምነት ሊበራል ዴሞክራቶች በዚህ ጉዳይ ድምፅ ከመስጠት እንዲታቀቡ ይፈቅድላቸው ነበር። በሩ ክፍት ነበር ማለት ነው። አልወጡበትም።

በመስከረም 2012 ክሌግ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቀው ግን ቃሉን በመግባቱ እንጂ ክፍያውን በመጨመሩ አልነበረም። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ገንዘብ ሲያሰላ ለከረመ ሰው ይህ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው? እዚህ ጋ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጎን ነኝ።

አሁን ሌላውን ጎን ልንገርዎ። ትንሽ አጋር መንግሥት ውስጥ ሲገባ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ የራሱን ሐሳብ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የትልቁን ፓርቲ ሐሳብ ማስቆም ነው። የመጀመሪያው ሲሳካ ምስጋናውን የሚወስደው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ምክንያቱም መግለጫ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውም እሱ ነው። ገቢ ግብር የማይከፈልበት የደመወዝ መጠን ከ6,475 ፓውንድ ወደ 10,000 እንዲያድግ በምርጫ ማኒፌስቷቸው ይዘው የገቡት ሊበራል ዴሞክራቶች ነበሩ። በ2015 ግን ኮንሰርቫቲቮችም እንደ ራሳቸው ድል ሲያወሩት ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ጭማሪውን በደመወዙ ላይ ያያል እንጂ የማን ሐሳብ እንደሆነ ማን ሊነግረው ነው?

ሁለተኛው ሥራ ይብሳል። የቆመ ነገር አይታይም። ጸጥታ ክፍሎች የሰዎችን የኢንተርኔት ግንኙነት መረጃ በስፋት እንዲያገኙ የሚያደርገውን ረቂቅ በ2013 ያስቆመው ክሌግ ነው። ስንት ሰው ያስታውሰዋል? ኮንሰርቫቲቮች ብቻቸውን አብላጫ ካገኙ በኋላ ግን በ2016 ሰፊ የክትትል ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት ሕዝበ ውሳኔም ተካሄደ፤ የኮንሰርቫቲቩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ቃሉን የገባው በጥምር መንግሥቱ ዘመን ቢሆንም የፈጸመው ብቻውን ሲገዛ ነው።

ስለ ቅጣቱ አቅጣጫ ያልኩት ይኼ ነው። ፓርቲው በ2015 ካጣቸው 49 መቀመጫዎች 27ቱን የወሰደው አጋሩ ኮንሰርቫቲቭ ነው። ሌበር 12፣ የስኮትላንዱ ብሔራዊ ፓርቲ 10። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ አንድም መቀመጫ አልቀረላቸውም። «ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ለምን ተጣመራችሁ» ብሎ የተቆጣ ሰው ድምፁን ሲነፍጋቸው፣ በብዙ ቦታ መቀመጫው ለራሱ ለኮንሰርቫቲቭ ሄደ። ትልቁ ፓርቲም በዚሁ ታግዞ ብቻውን አብላጫ አገኘ። በእንግሊዝ የምርጫ ሕግ በየወረዳው አንደኛ የወጣ ሁሉን ይወስዳል፤ ስለዚህ አንዱን ሲያወርዱ ማንን እያወጡ እንደሆነ ማየት ይኖርብዎታል። ፓርቲው ግን ሞቶ አልቀረም። በ2024 በ12 በመቶ ድምፅ 72 መቀመጫ አገኘ። ከ2010 ያነሰ ድምፅ፣ ከ2010 የበለጠ መቀመጫ።

ጥያቄ፦ ነታንያ ነው የምንኖረው። እኛ እስራኤል ውስጥ ጥምር ያልሆነ መንግሥት አይተን አናውቅም፤ ከምርጫ በኋላ ሁሌ ድርድር ነው። በ2020 ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሚኒስትር ስትሆን ቤታችን ውስጥ እልልታ ነበር፣ እናቴ አልቅሳለች። ግን ከዓመት በኋላ በጋንትዝ የሚመራው ፓርቲዋ ድምፅ አጣ፣ ባለቤቴም «ጋንትዝ ከዳን» ይላል። እኔ ደግሞ ባይጣመር ኖሮ ሚኒስትር አይኖረንም ነበር እላለሁ። ማናችን ነው ልክ? (አንባቢ፣ ከነታንያ)

መልስ፦ እህቴ፣ እልልታው ይገባችኋል። በሦስት ዓመቷ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የገባች ልጅ፣ ኢትዮጵያ ተወልዳ የእስራኤል ሚኒስትር ስትሆን የመጀመሪያዋ ናት፤ የተሰጣትም የስደተኞች መምጣትና ማቋቋሚያ ሚኒስቴር ነው። ያንን ማንም አይወስድባችሁም። ባለቤትዎም ግን እውነት አለው።

ቤኒ ጋንትዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ምርጫ ሲወዳደር ዋናው መልእክቱ አንድ ነበር፤ ኔታንያሁ ሥር አልገባም። በመጋቢት 2020 እሱ የሚመራው የፓርቲዎች ስብስብ፣ የሰማያዊና ነጭ ዝርዝር፣ 33 መቀመጫ አገኘ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ጋንትዝ አገሪቱ መንግሥት ያስፈልጋታል ብሎ ከኔታንያሁ ጋር ተስማማ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሊፈራረቁ፤ ዝርዝሩም ለሁለት ተሰነጠቀ፣ አጋሩ ያየር ላፒድ ይዞት የመጣውን ፓርቲ ይዞ ወጣ። የጋንትዝ ተራ በኅዳር 2021 ሊደርስ ነበር። አልደረሰም። በታኅሣሥ 2020 በጀቱ ሳይጸድቅ ቀረና ፓርላማው ፈረሰ። በቀጣዩ ምርጫ ጋንትዝ 8 መቀመጫ አገኘ።

ፍረድ ብለው በእኔ ላይ ከጣሉት እንዲህ እፈርዳለሁ። ሕዝብ መጣመሩን ብቻውን አይቀጣም። የሚቀጣው ከምርጫ በፊት በተነገረውና ከምርጫ በኋላ በሆነው መካከል ያለውን ርቀት ነው። እስራኤል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አላት፤ በ2021 በሰኔ የተቋቋመው መንግሥት ስምንት ፓርቲ ነበረበት፣ በ60 ለ59 ድምፅ ነው የጸደቀው፣ ስምንቱ ከዓመት በኋላ የገጠማቸው ነገርም ለየቅል ነው።

የቀኙ ፓርቲ የያሚና መሪ ናፍታሊ ቤኔት ከምርጫው ጥቂት ቀን በፊት ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ከላፒድ ጋር በመፈራረቅም ቢሆን መንግሥት አልመሠርትም የሚል ወረቀት ፈረመ። ከዚያ 7 መቀመጫ ይዞ፣ ከላፒድ ጋር ተፈራርቆ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አንዱ አባሉ ገና ከመጀመሪያው አልተከተለውም። በሚያዝያ 2022 ሌላዋ ስትወጣ መንግሥቱ አብላጫውን አጣ። በኅዳር 2022 ምርጫ ቤኔት ራሱ አልተወዳደረም፤ በአየለት ሻኬድ የተመራው ቀሪው ክንፍ ከ3.25 በመቶው የመግቢያ ገደብ በብዙ ርቆ ወደቀ።

ራአም የሚባለውን የመንሱር አባስን የአረብ ፓርቲ ደግሞ ይዩት። እሱም ተጣምሯል፣ ያውም አንድ ነፃ የአረብ ፓርቲ ገብቶበት በማያውቅ መንገድ። ግን አባስ ለመራጩ ቀድሞ በግልጽ ተናግሯል። ለበጀትና በአረብ ከተሞች ያለውን ወንጀል ለመከላከል እስከጠቀመን ድረስ ከግራም ከቀኝም እንደራደራለን ብሎ ነበር የተወዳደረው። በ2021 የነበረው 4 መቀመጫ በ2022 ወደ 5 አደገ። የላፒድ ፓርቲም ከ17 ወደ 24 ወጣ። እሱ የመንግሥቱ ዋና አቀናባሪና በመጨረሻም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለነበር የመሃልና የግራ መራጩ ወደ ትልቁ ተሰበሰበ። ይህ ሲሆን የግራው ፓርቲ ሜሬትስ በጥቂት ሺህ ድምፅ ከገደቡ በታች ቀረ፤ የእስራኤሉ ሌበርም በ4 መቀመጫ ተረፈ። የአጋሮቹን ድምፅ ከውስጥ የበላው የራሳቸው ጥምረት ነው። በምርጫ ዋዜማ «ትልቁን እናጠናክር» ሲባል ትንሹን ማን ያስታውሰዋል?

ስለዚህ ለባለቤትዎ እንዲህ ይበሉልኝ። ጋንትዝ የሚወቀስበት ስለተጣመረ አይደለም፤ አልጣመርም ብሎ ስለተጣመረ ነው። እርስዎም ልክ ነዎት፤ ባይጣመር ኖሮ እናትዎ ያን ቀን አያለቅሱም ነበር።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ለጀርመኑ ነፃ ዴሞክራቶች ፓርቲ፣ ለኤፍ.ዲ.ፒ.፣ ነው የምመርጠው፣ ለነጋዴ ስለሚቆሙ። ከ2009 ወዲህ ሁለት ጊዜ መንግሥት ውስጥ ገቡ፣ ሁለቴም ከፓርላማ ተባረሩ። ሦስተኛ ጊዜ ቢጠየቁ ባይገቡ አይሻላቸውም? (አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ በመካከል አንዴ ሞክረውታል እኮ። በ2009 በ14.6 በመቶ ከሜርክል ጋር ሲገቡ በታሪካቸው ከፍተኛው ውጤታቸው ነበር። ትልቁ ቃላቸው የግብር ቅነሳ ነበር፤ ያመጡት ቅነሳ ግን ሰው ከጠበቀው በጣም ያነሰ ነበር፣ የሚታወሰውም ለሆቴሎች የወረደው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በ2013 እነሱ 4.8 በመቶ አግኝተው፣ ከመግቢያው ገደብ በታች ሆነው፣ ከ1949 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፓርላማ ሲወጡ ሜርክል ወደ 41.5 ወጣች። እንደ ለንደኑ አንባቢያችን ታሪክ ነው፤ አጋር ሲጎዳ ትልቁ ይጠቀማል።

ያ ቁስል ስላልሻረ ነው በ2017 በ10.7 በመቶ ሲመለሱ መሪያቸው ክርስቲያን ሊንድነር የጥምረት ንግግሩን በእኩለ ሌሊት ጥሎ የወጣው። በተሳሳተ መንገድ ከመግዛት አለመግዛት ይሻላል አለ። እንዲህ ብሎ ውጭ መቆም ግን ለብዙ ጊዜ አይሆንም። ፓርቲ ሥልጣን ሲቀርብለት ሁልጊዜ እምቢ ካለ፣ «ታዲያ ለምን እንምረጥህ» ይመጣል። በ2021 ከሶሻል ዴሞክራቶችና ከአረንጓዴዎቹ ጋር ገባ።

ችግሩ ሦስቱ ስለ ገንዘብ አንድ ቋንቋ አለመናገራቸው ነበር። ሁለቱ ለኢንቨስትመንት መበደር ይፈልጋሉ። ሊንድነር የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ የዕዳ ገደቡን ይጠብቃል። በኅዳር 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ለኮሮና ተይዞ ለአየር ንብረት የተዛወረውን 60 ቢሊዮን ዩሮ ሲሰርዝ የጋራ ማስታረቂያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ኤፍ.ዲ.ፒ. ካቢኔ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ተቃዋሚ መናገር አበዛ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ኅዳር 6 ቀን 2024 መራሔ መንግሥቱ ሾልዝ ሊንድነርን አባረረው። ብዙም ሳይቆይ ፓርቲው መውጫውን ለሳምንታት ሲያቅድ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ወጣ፤ ዋና ጸሐፊውም ሥራ ለቀቀ። በየካቲት 2025 ውጤታቸው 4.3 በመቶ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፤ ያኔ የወደቁት እነሱ ብቻ አይደሉም። ሶሻል ዴሞክራቶች፣ የመራሔ መንግሥቱ ፓርቲ ሆነው፣ ከ25.7 ወደ 16.4 ወረዱ። አረንጓዴዎቹም ወደ 11.6። ትልቁ ሁሌ ይጠቀማል ማለት አይደለም። ሕዝቡ በየቀኑ የሚያየው ጭቅጭቅ ከሆነ ሁሉንም ነው የሚቀጣው። ሶሻል ዴሞክራቶች ከዚያ በፊትም በሜርክል ሥር ተለብልበዋል፤ ከጥር 2015 ጀምሮ በሰዓት 8.50 ዩሮ የሆነውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያስገቡት እነሱ ነበሩ፣ በ2017 ግን 20.5 በመቶ ነው ያገኙት።

ሦስተኛ ጊዜ ላሉት፦ ይግቡ ነው የምለው፤ ለመራጩ ግን ከምርጫ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩት። የትኛውን በፍጹም እንደማይለቁ፣ የትኛውን ለድርድር እንደሚያቀርቡ። አስፈርሞ ፎቶ የሚያስነሣ ቃል ደግሞ ይቅርባቸው።

ይህንንም ስል አየርላንድን ረስቼ አይደለም። እዚያ አረንጓዴዎቹ በ2020 በ12 መቀመጫ ሲገቡ ያሉትን አደረጉ፤ የአየር ንብረት ሕጉን በ2021 አጸደቁ፣ የካርቦን ግብሩም በየዓመቱ አደገ። በ2024 አንድ መቀመጫ ብቻ ቀረላቸው። ሁለቱ ትልልቅ አጋሮቻቸው ግን መቀመጫቸውን ጨመሩ። ቃልን መጠበቅም ዋጋ አለው፤ ነዳጅ ሲቀዳ ሰው ሒሳቡን ለማን እንደሚጽፍ ያውቃልና። እኔ ግን ከክሌግ አወዳደቅ ይልቅ የእነሱን አከብራለሁ። ሕጉ ዛሬም አለ።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ቅንጅትም፣ ኅብረትም፣ ግንባርም፣ መድረክም አይተናል። ጥምር መንግሥት ከነዚህ በምን ይለያል? አሁን ተቃዋሚዎች ሚኒስትር ሆነው የለ እንዴ፣ ያ ጥምር መንግሥት አይባልም? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቃላቱ በጣም ይቀላቀሉብናል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ሲያሸንፍ አራት ፓርቲዎች ከምርጫ በፊት አንድ ላይ ቀርበው ነበር። መራጩ ያየው አንድ ምልክት ነው። ኢሕአዴግም አራት ድርጅት የነበሩበት ግንባር ነው፤ ለምርጫ ሲቀርቡ ግን እርስ በርስ አይወዳደሩም። ጥምር መንግሥት ሌላ ነው። ፓርቲዎቹ በምርጫ ተፎካክረው፣ አንዱ የሌላውን ፕሮግራም ሲያጣጥል ከርሞ፣ ማንም አብላጫ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ነው። መራጩም «ትናንት ስትሰድበው የነበረውን» የሚለው ለዚህ ነው፤ በቅንጅት ጊዜ እንዲህ የሚል ምክንያት አልነበረውም።

ሕገ መንግሥታችን ጥምረትን ያውቀዋል። አንቀጽ 56 የመንግሥት የአስፈጻሚ አካልን የሚያደራጀውና የሚመራው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅቶች ነው ይላል። በተግባር ግን አላየነውም። አንዱ ምክንያት እኛም እንደ እንግሊዝ በየወረዳው አንደኛ የወጣ ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓት መከተላችን ነው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ጥምረትን በቀላሉ አይወልድም። እንግሊዝ ራሷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአገር ደረጃ ያየችው ያን የ2010ሩን ብቻ ነው።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ነጋ ከኢዜማ፣ በለጠ ሞላ ከአብን፣ ቀጀላ መርዳሳ ከኦነግ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ ያ ጥምር መንግሥት አልነበረም። ገዢው ፓርቲ ያለ እነሱ ከበቂ በላይ አብላጫ ነበረው። ልዩነቱን ለማየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ አጋር ነገ ቢወጣ መንግሥቱ ይወድቃል? እስራኤል ውስጥ አንዲት የምክር ቤት አባል ስትወጣ መንግሥቱ አብላጫውን አጥቶ ከወራት በኋላ ፈርሷል። ክሌግም ቢወጣ ካሜሮን አብላጫውን ያጣ ነበር። እኛ ጋ ሦስቱም ቢወጡ ኖሮ የሚጎድል አብላጫ አልነበረም። ስለዚህ መደራደሪያ ጉልበቱ በሹመት ላይ ይቀራል፣ መራጩ ግን ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ አያሰላውም፤ የፓርቲውን መሪ ካቢኔ ውስጥ ካየ መንግሥት የሠራውን ሁሉ በእሱም ላይ ይቆጥርበታል። ሹመቱን መቀበል ስህተት ነው አልልም፤ ትምህርት ሚኒስቴርን የመሰለ ቦታ ላይ ሆኖ የሚሠራ ሥራ አለ። የተቀበለ ፓርቲ ግን በየስድስት ወሩ ወጥቶ የትኛውን ውሳኔ እንደደገፈ፣ የትኛውን እንደተቃወመ፣ የትኛውንም እንዳላስቆመ በስሙ ቢናገር ደጋፊው በምርጫ ቀን ምን እንደሚመዝን ያውቃል።